«ፖፕ 3 ናት» ስለተባለች ፔኒ

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የ1972 ደብልድ ዳይ ፔኒ አግኝቻለሁ። ሻጩ ፖፕ 3 ናት ይላል። በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ናቸው ማለት ነው አይደል? ልግዛት?» ለማታውቁት፣ ፔኒ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ናት፤ ደብልድ ዳይ ጽሑፏ ከማተሚያው ተደራርቦ የወጣ ናት፤ ፖፕ ደግሞ ሳንቲም መርምሮ ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት የቆጠረው ብዛት ነው። በአንድ መስመር ልመልስለት ነበር። ግን ጥያቄው የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ። እንግዲህ ረዘም ይላል፣ የቸኮለ ይለፈው።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሰብሳቢዎች ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ስሠራ አንድ ያገሬ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፣ የማታ ፈረቃ። ያኔ ሰው በጥሬ ገንዘብ ነበር የሚከፍለው፤ ከኪዮስኩ ውስጥ ፔኒ በቡና ጣሳ ይጠራቀማል። እሱ ታዲያ መኪና ሲጠፋ ማጉያ መነጽሩን ያወጣና አንድ በአንድ ያገላብጣል። ዓይኑ ሌላ ነበር። እኔ ደሞዝ እየበላሁበት የማላየውን ነገር እሱ በዚያች ደካማ አምፖል ያየዋል።

አንድ ቀን የ1972 ፔኒ ይዞ መጣ። «ሊበርቲ የሚለውን እየው» አለኝ። አየሁት። የፊደሎቹ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ከያንዳንዱ ፊደል ጎን ሌላ ድቡልቡል ፊደል ብቅ ብሏል። በዚያ ዓመት ፊላዴልፊያ ላይ ከአንድ በላይ ማተሚያ ብረት ነው እንዲህ የተደራረበው፤ የሱ ፔኒ መደራረቡ ጎልቶ ከሚታይበት ከታላቁ ሳይሆን ደከም ካሉት ማተሚያዎች ባንዱ የተመታች ናት። ግን እውነተኛ ናት። ከሊንከን አገጭ በታች አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረባት። ነጥቧን ያዙልኝ።

ደረጃ አውጥቶ በፕላስቲክ ለሚያሽግ ድርጅት ላካት። ቅጹ ላይ የተለየ ዓይነት መሆኗን የሚጠየቅበትን ቦታ ባዶ ተወው፣ ተጨማሪ ክፍያ አለዋ! ከስንት ጊዜ በኋላ ታሽጋ መጣች። ሌብሉ ላይ 1972፣ አንድ ሳንቲም፣ ኤምኤስ 64፣ ቀይ ቡናማ ይላል፤ ኤምኤስ ያልተገለገለበት ሳንቲም ማለት ነው፣ 64 ደረጃዋ። ሌላ ምንም የለም። «እነሱ ካላሉ አይደለችም ማለት ነው» አለኝ። ኧረ አልጠየቅካቸውም፣ ያልተጠየቁትንና ያልተከፈሉበትን አይጽፉም፣ ክፈልና መልሰህ ላካት ብዬ ለመንኩት። ሊሰማኝ ነው? ፕላስቲኩን አመነ። በተራ ፔኒ ዋጋ ሸጣት።

የገዛው ሰው ግን ነቄ ነበር። ፕላስቲኩን ሰበረ፣ ክፍያውን ጨምሮ መልሶ ላካት፣ 64 ደብልድ ዳይ ተብላ መጣች። 65 ብትሆን ይሻለኛል አለና እንደገና ሰብሮ ላካት፤ 65 ሆነች። እንዴት አወቅክ ብትሉ፣ ልትሸጥ ያው እኛ ሱቅ መጣች። አገላብጬ ሳያት ነጥቧ ከአገጩ ሥር ቁጭ ብላለች።

ለጓደኛዬ ነገርኩት፣ ሳቀ። ግን ከዚያ በፊት «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ» ብሎ ማጉያውን ለልጁ መጫወቻ ሰጥቶት ነበር፤ ዳግመኛም አልያዘም። ገንዘቡ ይቅር። እንደዚያ ያለ ዓይን በአንድ ቁራጭ ወረቀት መጥፋቱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

አሁን ቁጥሩን አስቡት። አንድ ፔኒ ናት። በድርጅቱ ቆጠራ ግን በተራዎቹ መስመር አንድ፣ በደብልድ ዳይ 64 አንድ፣ በ65 ደግሞ ሌላ አንድ። ሦስት! ሰውዬው የድሮዎቹን ሌብሎች ቢመልስ ኖሮ ይቀነሱ ነበር፤ ግን ስንቱ ይመልሳል? ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጥለው። በሌላ በኩል የጓደኛዬን ስህተት የሠሩና ፔኒያቸው ዛሬም በተራ ሌብል የተቀመጠች ሰዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ፖፑ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ያንሳል።

ደግሞ የመዳብ ሳንቲም ቀይ፣ ቀይ ቡናማና ቡናማ እየተባለ ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። ፖፕ 3 ሲልህ በዚያ ደረጃ፣ በዚያ ቀለም፣ በዚያ ድርጅት ማለቱ ነው። ሁለት ትልልቅ ደረጃ አውጪዎች አሉ፤ ፒሲጂኤስ የቆጠረውን ኤንጂሲ አይቆጥረውም። ከድሮዎቹ ሌብሎች መሀል «ደብልድ ዳይ» ብቻ ብለው ያለፉ አሉ፤ የዛሬዎቹ ኤፍኤስ 101 እያሉ የዓይነት መለያ ቁጥር ይሰጣሉ፤ የ1972ቱ 101 ያ ታላቁ ማተሚያ ነው። ከ101 ጀምሮ ያሉት የፊት ገጽ ናቸው፣ ከ801 ጀምሮ ያሉት የጀርባ። አንዱ ዓይነት በሁለት መስመር ተከፍሎ ብታዩት አይግረማችሁ።

ማነሱ ብቻውንም ዋጋ አይሆንም። የ1955ቱን ደብልድ ዳይ ፔኒ ተመልከቱ። ሃያ ሺህ አካባቢ ወጥቷል ይባላል፣ ያለ ማጉያ ይታያል፣ ደረጃ የወጣለትም በሺዎች ነው። ያኔ ሲጋራ በማሽን ሲሸጥ 23 ሳንቲም ነበርና የሩብ ዶላሩ መልስ፣ ሁለት ፔኒ፣ ከፓኮው ላስቲክ ሥር ይገባ ነበር፤ ብዙዎቹ የተገኙት ከዚያ ነው። ይሄ ሁሉ ኖሮ ዛሬም ውድ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነዋ።

የዛሬ ልጆች ግን ታስቁኛላችሁ። ቲክቶክ ላይ «የሚሊዮን ዶላር ፔኒ» የምትሉት አብዛኛው ማሽን ሲመታ የተንሸራተተ ነው። የሱ ጥላ ጠፍጣፋ ነው፣ ፊደሉን ያሳንሰዋል። ደብልድ ዳይ ግን ማተሚያው ብረት ራሱ ሲቀረጽ ሁለቴ ተጭኖበት ሳይገጥም የቀረ ነው፤ ፊደሉ ይወፍራል። የቀበሌ ማኅተም ሁለቴ የተመታበት ወረቀት አይደለም፤ ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ነው የተደራረበው። ለዚህ ነው ከአንድ ብረት የወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሆነው።

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ጠገራ ብር ስትቀበል ግን የማርያ ትሬዛን የደረት ጌጥ ዕንቁዎች በጣቷ ትቆጥር ነበር። ብሩ የትም ይመታ የት፣ ዓመቱ ሁሌም 1780 ነው፤ ጽሑፉን ብታነብስ ምን ይጠቅማታል?

ሳንቲም በውሃ አትጠቡ ምናምን አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ለትንንሾቹ ዓይነቶች ሁሉ ግን አትክፈሉ፣ ክፍያው ከሳንቲሙ ይበልጣል። ጓደኛዬን ክፈል ብዬ ነበር አይደል? አዎ፣ ዛሬም ቢሆን ክፈል እለው ነበር። ፖፑንም አትመኑ ስላችሁ እኔው ጠዋት ጠዋት ከፍቼ አያለሁ።

አንተ የጠየቅከኝ ደግሞ፣ ሻጩ 101 ናት ካለህ የጀርባዋን ፎቶ አስልክ። ዩናይትድ ከሚለው «ዲ» በላይ፣ ጠርዙ ጋ ትንሽ ጭረት ፈልግ። ከሌለች ሌላ ማተሚያ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ፎቶ አልልክም ካለህ ተወው።