የቤዝ ጊታር አንገት ከካርቦን፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች መልስ

ከሜሪላንድ ከቤቴ ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ለቤዝ ጊታር ከካርቦን ፋይበር አንገት እንደምሠራ በዚህ መጽሔት ከተጻፈ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ለጥቂቶቹ ዛሬ እመልሳለሁ። ለማያውቁኝ አንባብያን፣ አዲስ አበባ ሳለሁ የቤት ዕቃ አናጢ ነበርኩ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አናፖሊስ ውስጥ በጀልባ መጠገኛ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የካርቦን ሥራ የተማርኩት እዚያ፣ የተሰበሩ የጀልባ ምሰሶዎችን ስጠግን ነው። ቤዝ ግን ከሁሉም ይቀድማል። የሮሃ ባንድን ካሴት ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ የጆቫኒ ሪኮን አጨዋወት በጆሮዬ ስለቅም ነው ያደግኩት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ በሆቴል ባንድ ቤዝ እጫወታለሁ። ውጭው እንፋሎት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል። ክሮቹ አንድ ሳምንት ከፍ ብለው ጣቴን ያደክሙኛል፣ በሌላው ሳምንት ፍሬቱ ላይ (አንገቱ ላይ በተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ላይ) ይንጫጫሉ። ጓደኞቼ ግራፋይት አንገት ግዢ ይሉኛል። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያስቸግርሽ እርጥበት ነው። እንጨት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ቀለም ተቀብቶም ቢሆን ከአየር እርጥበት መጠጣቱንና መልሶ መስጠቱን አይተውም። በዚያ ላይ አራቱ የቤዝ ክሮች በአንድነት 75 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲለሰልስ ክሮቹ ያሸንፉታል፣ አንገቱ ይጎብጣል። ሲደርቅ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንቺ የምትሰሚው መንጫጫት ይህ ነው።

ጓደኞችሽ ግራፋይት የሚሉት ካርቦን፣ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ተጣብቆ ሲደርቅ በእርጥበት እንዲህ አይለዋወጥም። የራሱ ቀጫጭን ክሮች በአንገቱ ርዝመት የተደረደሩለት ካርቦን ለአንገት ከሚመረጠው ከሜፕል እንጨት አሥር እጥፍ ገደማ መታጠፍን ይቋቋማል። ስለዚህ ለአንቺ ዓይነት ኑሮ የተሠራ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሻጭ «ቅኝቱ ከቶ አይነቃነቅም» ካለሽ አትመኚው። ክሮቹ ብረት ናቸው፤ ሙቀት ያላላቸዋል፣ ቅዝቃዜ ያከራቸዋል። አንገቱ ባይንቀሳቀስም ከመድረክ በፊት መቃኘትሽ አይቀርም።

ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። አዳራሹ ስትደርሺ ጊታሩን ከነማህደሩ ዘግተሽ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጪው፤ አየሩን ቀስ ብሎ ይልመደው። በአንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ጉብጠቱን የሚያቃናውን ማስተካከያ ብረትም እጁ በሚታመን ባለሙያ አስተካክዪው። ሦስት ወር እንዲህ ሞክረሽ ካልተሻለሽ ግዢ። አንገት ሸጬ የማድር ሰው ብሆንም፣ በአንድ የሄክስ ቁልፍ ዙር ለሚፈታ ችግር ብዙ መቶ ዶላር እንድታወጪ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 24 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንጨት ቤት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ቤዝ እጫወታለሁ። የካርቦን አንገት እዚህ መሥራት እችላለሁ? ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትችላለህ። ግን ከመጀመሪያው ሙሉ የካርቦን አንገት አትሥራ። ለምን እንደምልህ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

የመጀመሪያውን አንገት የሸጥኩት በቤተ ክርስቲያን ለሚያገለግል አንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ካርቦን አይታጠፍም ብዬ ማስተካከያ ብረት አላስገባሁበትም። ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጣ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ቀጥ ያለ ማስመሪያ እንኳ ሳላስቀምጥበት ፍሬት መታሁበት። ክር ሲገጠምለት የመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች ላይ የተያዘው ድምፅ ሁሉ ተንጫጫ። ስለካው መሀሉ ወደ ክሮቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር አብጦ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። በአንዱ ፊት ሰያፍ የተቆረጠ አንድ ድርብ የካርቦን ጨርቅ ጨምሬ በሌላው ፊት ሳልጨምር ቀርቻለሁ። ድርብርቡ በሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ከምድጃ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ወደ አንዱ ይጠመዘዛል። እንጨት ቢሆን በመላጊያና በብረቱ ይስተካከል ነበር። ያንን ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ለሰውየው ገንዘቡን መለስኩ፤ አንገቱ እስከ ዛሬ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስተካክል ብረት ያልገባበት አንገት ከጋራዤ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ እንዲህ ጀምር። የእንጨት አንገት ሥራና በማስተካከያ ብረቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቦይ ፈልፍለህ፣ በእያንዳንዱ ቦይ አንድ ጠፍጣፋ የካርቦን ዘንግ በኢፖክሲ ቅበር። ዘንጉ በጠባብ ጎኑ ይቁም፤ የሚጠነክረው እንዲያ ሲቆም ነው። ከላይ የፍሬት ሰሌዳውን ለጥፍ። እኔ እዚያ ብሆን ለሰሌዳው በደንብ የደረቀ ወይራ እመርጥ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለና ፍሬት አጥብቆ የሚይዝ ነው። በክረምትና በበጋ የሚመጣብህን ለውጥ ይህ ብቻ ብዙውን ያስቀርልሃል።

እጅህ ከለመደ በኋላ ወደ ሙሉው ካርቦን ትሄዳለህ። መጀመሪያ የአንገቱን አምሳያ ከእንጨት ቀርጸህ፣ ጥፍርህ እንኳ ጭረት እስከማያገኝበት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ። በአምሳያው ላይ ያለ ጭረት ሁሉ በምትሠራው እያንዳንዱ አንገት ላይ ይወለዳልና። ከአምሳያው በፋይበርግላስ ሞልድ ታወጣለህ፣ ሞልዱን ደጋግመህ ሰም ትቀባለህ። ከዚያ ካርቦኑን ትደረድራለህ። አብዛኛው የካርቦን ክር በአንገቱ ርዝመት ይሂድ፤ የጊታሩን ክሮች ጉተታ የሚሸከመው እሱ ነው። ጥቂቱ በ45 ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይተኛ፤ እሱ ደግሞ አንገቱ እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋል። ሁሉም በላስቲክ ተሸፍኖ አየሩ በቫኪዩም ይመጠጥለታል።

እኔ የምጠቀመው ኢፖክሲ አስቀድሞ የጠጣ ካርቦን ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቀመጥና 120 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ይበስላል። ከፍሪዘር ሲወጣ ከነከረጢቱ እስኪሞቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ ቸኩለህ ከከፈትከው የአየሩ እርጥበት ጨርቁ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ያ ጤዛ በምድጃ ውስጥ አረፋ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩም ስለሚጠፋ ለአንተ ይህንን አልመክርህም። ደረቁን ጨርቅ ገዝተህ፣ በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲ በእጅህ አጠጣው። ትንሽ ይከብዳል እንጂ ጥሩ አንገት ይወጣዋል።

አቧራውን ግን አደራ። የካርቦን አቧራ እንደ እንጨት ሰጋቱራ አይደለም። ቆዳ ያሳክካል፣ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ አንድ የእጅ መፍጫ ውስጡ ገብቶ አቃጥሎብኛል። በጨርቅ ጭምብል አትሥራ፤ ማጣሪያ ያለው እውነተኛ መተንፈሻ ግዛ። በተቻለህ መጠን ደግሞ ውኃ እያስነካህ አለስልስ።

ጥያቄ፦ የካርቦን አንገት ድምፁ ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ይህ ነገርስ ከየት መጣ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ጄፍ ጉልድ በካሊፎርኒያ በአንድ የኤሮስፔስ ኩባንያ የሚሠራ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ለጠፈር መንኮራኩር ክፍሎች የሚውለው ቀላልና ጠንካራ ነገር ለጊታር አንገት ቢውልስ ብሎ አሰበና አሌምቢክ ከሚባሉት ጊታር ሠሪዎች፣ ከእነ ሪክ ተርነር ጋር ሆኖ ሞከረው። በ1977 እ.ኤ.አ. የካርቦን አንገት ያለው ቤዝ ለእይታ ቀረበ። ጉልድ ከዚያ ሞዱለስ ግራፋይት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ኔድ ስታይንበርገር ክሮቹ የሚጠመጠሙበት ራስ የሌለውን፣ መላ አካሉ ከዚሁ ነገር የተሠራውን ቤዝ አመጣ፤ በእንግሊዝ ደግሞ ሮብ ግሪን ስታተስ የሚባሉትን መሥራት ጀመረ። ያኔ «ግራፋይት» ያሉት ስም ስለለመደ ነው እንጂ ዛሬ ካርቦን ፋይበር የምንለው ያው ነው።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ «ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል አልወደውም። የእንጨት ቤዝ ካለዎት በጂ ክር (ከአራቱ በቀጭኑ) ላይ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አንድ በአንድ ይምቱና ያዳምጡ። ከመካከላቸው አንዱ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ይሞታል። እዚያ ቦታ ላይ አንገቱ ራሱ በዚያው ድምፅ መርገብገብ ስለሚወድ የክሩን ጉልበት ይጠጣዋል። ካርቦን በጣም ስለሚጠነክር መርገብገቢያው ወደ ሌላ ከፍታ ይሸሻል፣ ድምፆቹም እኩል ይረዝማሉ። ይህ እኩልነት በስቱዲዮ ውስጥ ወርቅ ነው። ትዝታን ቀስ ብሎ ሲጫወቱ ግን አንዳንዱ ሰው የእንጨቱን ቶሎ መክሰም ይናፍቃል፤ እኔም አንዳንድ ማታ ይናፍቀኛል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ክሩን ጠፍጣፋ ሽፋን ባለው ክር ይለውጡ፤ ሙቀቱ ይመለስልዎታል።

ጥያቄ፦ ሲያትል ውስጥ በአውሮፕላን ክፍሎች ፋብሪካ ካርቦን እሠራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ሦስት አንገት ሠርቻለሁ፣ ጥሩ ወጥተዋል። ስንት ብዬ ልሽጥ? ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የእኔን ሒሳብ ላሳይዎት። ለአንድ አንገት ካርቦኑ፣ የቫኪዩም ላስቲኩ፣ ፍሬቱና ብረቱ 180 ዶላር ያህል ይወጣብኛል። ሥራው 26 ሰዓት ነው። ለሰዓት 25 ዶላር ቢያስቡ 830 ደረሰ። የሞልዱን ወጪና ተበላሽቶ የሚጣለውን ሲጨምሩ ከ950 በታች መሸጥ ከራስ ኪስ መመጽወት ነው። በርካሽ የጀመረ ሰው በኋላ ዋጋ ሲጨምር ደንበኞቹ ይቀየሙታል፤ ከመጀመሪያው እውነተኛውን ዋጋ ይናገሩ።

መለኪያ በስልክ አይቀበሉ። «የእኔ ጃዝ ቤዝ ነው፣ እንደሌላው ነው» ይሉዎታል፣ እንደሌላው ሆኖ አይገኝም። አንገቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ በወረቀት ላይ በቀጭን እርሳስ ተከትለው እንዲልኩልዎ፣ ወርዱንና ጥልቀቱንም ካሊፐር አስቀምጠው ፎቶ እንዲያነሱ ይጠይቁ። ክሮቹ በአንገቱ ራስ በኩል በሚያርፉበት ቦታ ያለውን ወርድም ይጠይቁ፤ 38 ሚሊ ሜትር የለመደ እጅ 41 ሲሰጡት ይከፋዋል። የፍሬት ርቀት ላይ ቀልድ የለም። ለ864 ሚሊ ሜትር ክር የመጀመሪያው ፍሬት 48.5 ላይ ይውላል፤ የሚቀጥለውን ሁሉ ከመነሻው ይለኩ እንጂ ከፍሬት ወደ ፍሬት አይለኩ፣ ስህተቱ ይጠራቀማል።

ቪቴ በቀጥታ ካርቦን ውስጥ አያስገቡ፤ ሁለት ሦስቴ ሲፈታ ጥርሱ ይበላል። ጥርስ የወጣለት የስቴንለስ ቱቦ ይቅበሩለት። አሉሚኒየም ግን አይሁን፤ ከካርቦን ጋር ሲነካካ በእርጥበት ይበላል፣ ይህን እርስዎ ከፋብሪካዎ ያውቁታል። የአንገቱን ራስ ቅርጽም ከታዋቂ ኩባንያ አይቅዱ። ለምሳሌ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር የአንገት ራስ ቅርጾች የተመዘገቡ የንግድ ምልክቶች ናቸው። የራስዎን ይሳሉ፤ ከሩቅ አይቶ የእርስዎ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ማግኘት የሚያኮራ ነገር ነው።

ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ ይቀበሉ፣ ግን አንገቱ በደንበኛው ጊታር ላይ ተገጥሞ አንድ ወር እስኪሞላው ገንዘቡን ሳያንገራግሩ እንደሚመልሱ በጽሑፍ ይስጡ። እኔ ያንን ከሰጠሁ ወዲህ የተመለሰብኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀለሙን ስላልወደደው።

ጥያቄ፦ አባቴ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች የተጫወተበት አሮጌ ፌንደር ቤዝ በእጄ ነው። አንገቱ ጎብጧል። እርስዎ በካርቦን ቢቀይሩልኝ ብዬ ነው። (ከአትላንታ)

መልስ፦ እቀይርልዎታለሁ፣ ግን በመጀመሪያ አሮጌውን እንየው። ክሮቹን ያላሉ፣ ከጀርባ ያሉትን ቪቴዎች በልካቸው በሚሆን ካቻቪቴ ቀስ ብለው ይፍቱ፣ አንገቱን ያውጡት። ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ከጊታሩ ገላ በወጣው ጫፍ ይሆናል፤ ዳዶው ከዞረ አንገቱ ምናልባት መዳን ይችላል። ካልዞረ በጉልበት አያስገድዱት፣ ይላኩልኝ።

የማይድን ከሆነ የካርቦኑን አንገት እሠራልዎታለሁ። የጊታሩን ገላ አልነካም፤ ጎድጓዳው ጠባብ ቢሆን የምፍቀው የእኔን አንገት ነው፣ የአባትዎን እንጨት አይደለም። አሮጌው አንገት ተጠቅልሎ ተመልሶ ይመጣልዎታል። ጠፍጣፋ ቦታ ያስቀምጡት እንጂ ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፤ ከሙቀት ማሞቂያም ያርቁት።

አንገቱን ሲያወጡ ደግሞ በጎድጓዳው ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ጫፍ በመብራት ይዩት። ፌንደር በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ቀን በእርሳስ ይጽፍ ወይም በማኅተም ያትም ነበር። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያንሱት፣ በውኃም ሆነ በአልኮል አይንኩት። ቀኑ ከታየ ፎቶ አንስተው ከመለኪያዎቹ ጋር ይላኩልኝ።