ድሬዳዋ ላለ ባለ 20 ክፍል ሆቴል የሶላር ውሃ ማሞቂያ ያዋጣል ወይ?

አዎ፣ ለ20 ክፍል ያዋጣሃል፤ ድሬ ላይ ፀሐይ አይቸግርም። ግን ያሉህን ቦይለሮች ነቅለህ እንዳትጥል፣ ለደመናማ ቀንና ማታ አምሽቶ ለሚመጣ እንግዳ ያስፈልጉሃል።

ሒሳቡን እንዲህ ጀምር። ለአንድ እንግዳ በቀን 50 ሊትር ሙቅ ውሃ ያዝ። በየክፍሉ አንድ እንግዳ ቢያርፍ 1,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህን ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ በቀን 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን በምትከፍለው የመብራት ታሪፍ አባዛ፣ የዓመቱን አውጣና ሻጩ ከጠየቀህ ዋጋ ጋር አስተያየው። ልብስ ማጠቢያና ወጥ ቤቱን ለብቻ ደምር።

አንድ ነገር አደራ! የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረው ነጭ ነገር የሶላሩንም ቱቦ ይደፍናል፤ እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዋጋው ወደድ ቢልም፣ የቧንቧው ውሃ በቀጥታ ፓነሉ ውስጥ የማይገባበትን፣ በሙቀት ማስተላለፊያ የሚሰራውን ዓይነት ጠይቅ። ታንኩን ግን አልፎ አልፎ ማስጠረግ አይቀርልህም።