ለሮክ የሚሆን ጊታር፦ እኔ ብሆን ቴሌካስተር እገዛ ነበር

ወንድሜ፣ አጎትህ ከአሜሪካ ሲመጡ የ1950ዎቹ መልክ ያለው የሮክ ጊታር ሊያመጡልህ እንደሆነና ከ400 ዶላር በላይ ማውጣት እንደማትችል ጽፈሃል። ስትራቶካስተር (የፌንደር ኩባንያ ጊታር) ይሻላል ወይስ ሌስ ፖል (የጊብሰን)? ነው ጥያቄህ። እኔ ብሆን ሁለቱንም ትቼ ያገለገለ የስኳየር (የፌንደር ርካሽ መለያ) ቴሌካስተር፣ «ክላሲክ ቫይብ» የሚባለውን፣ አስመጣ ነበር።

የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ጊታሬን የመረጥኩት በዓይኔ ነው። የስትራቶካስተር ቅጂ ነበር፤ መሃሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር እየጠቆረ የሚሄድ ቀለሙ ልቤን ወሰደው። ችግሩ ድምፁን ለማወዛወዝ የሚጫኑት ማርገብገቢያ ዘንጉ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ጫን ካልኩት ስድስቱም ክሮች ከቅኝት ይወጣሉ። አንድ ምሽት መድረክ ላይ በዘፈኑ መካከል እንዲሁ ሆነና ዘፋኙ ዞሮ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በማግስቱ ዘንጉን ነቅዬ፣ ከጀርባው ያሉትን ሞላዎች አጥብቄ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ ከእንጨቱ እንዳይነሳ ካደረግሁ በኋላ ነው ሰላም ያገኘሁት።

ቴሌካስተር ይህ ጣጣ የለበትም። ድልድዩ አይንቀሳቀስም፤ ክሮቹም በእንጨቱ ውስጥ አልፈው ከጀርባ ይያዛሉ። ሊዮ ፌንደር በ1950 ሲያወጣው ስሙ ብሮድካስተር ነበር፤ የግሬች ኩባንያ ከከበሮዎቼ ስም ጋር ይመሳሰላል ብሎ ቅሬታ ስላቀረበ በ1951 ቴሌካስተር ተባለ። አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በልብስ መካከል ሊገባ ይችላል። የሌስ ፖል አንገት ግን በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ክሮቹ የሚቃኙበት የአንገቱ ራስም ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ከወደቀ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ከራሱ ሥር ነው።

«ቴሌካስተር ለካንትሪ እንጂ ለሮክ አይሆንም» የሚሉህን አትስማቸው። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ የሮክ ባንዱን የሌድ ዘፔሊንን የመጀመሪያ አልበም በአብዛኛው የተጫወተው በእርሱ ነው። እውነተኛ ጉድለቱ ሌላ ነው። ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅልል በመሆኑ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ስትጨምርበት የኤሌክትሪኩን እምምታ አብሮ ያሰማል። ሴት ላቨር በ1955 ለጊብሰን ሁለት ጥቅልል ያለውን ፒክአፕ፣ ሃምበከርን፣ የሠራው ይህንኑ ለማጥፋት ነው። ከአምፕሊፋየሩ ራቅ ብለህ ሰውነትህን ዞር ስታደርግ እምምታው ይቀንሳል፤ እኔ ለምጄዋለሁ። የምትወደው ሮክ እጅግ የከበደው ዓይነት ከሆነ ግን ምክሬን ተውና ሃምበከር ያለው ኤፒፎን (የጊብሰን ርካሽ መለያ) ፈልግ።

«የድሮ መልክ» እና «እንደ ድሮው የተሠራ» አንድ አይደሉም። የ1950ዎቹ ፌንደሮች የጣት ሰሌዳ ቅስቱ የበዛ ነው፤ ሬዲየሱ 184 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑን ክር ወደ ላይ ስትጎትተው ድምፁ መሃል ላይ ይታነቃል። የክላሲክ ቫይቡ 241 ስለሆነ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ትዝታ ሲጫወት ክር መጎተት የለመደ እጅ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

አምፕሊፋየሩን ከዚሁ ግዛ። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። የእኔው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ጭስ አወጣ።

አጎትህ ጊታር የማይጫወቱ ከሆነ ሻጩ ከመክፈላቸው በፊት ቪዲዮ ይቅረጽላቸው፤ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች በእያንዳንዱ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች) ላይ እየመታ። የሚንጫጫ ወይም የሚሞት ድምፅ ካለ ይለዩታል። የድምፅ መጠን መጠምዘዣዎቹ ሲዞሩ ቢንኮሻኮሹ ግን አያስጨንቃቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። አንገቱን ለሻንጣ ሲፈቱት ደግሞ አስቀድመው ክሮቹን በደንብ ያላሉ።