ጥያቄና መልስ፦ ውሃው ጠርቶ ሳለ ዓሣው ለምን ሞተ?

ጥያቄ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከአራት ጎልድፊሽ ጋር በአንድ ቀን ገዛሁ። በሳምንቱ ውሃው ነጣ ብሎ ደፈረሰ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ሻጩ ሁሉንም እንዳጥብ ስለመከረኝ ጠጠሩንም የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አጥቤ አዲስ ውሃ ሞላሁ። ውሃው ጠራ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ግን አንዱ ሞተብኝ። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያጠቡት ለዓሦቹ አስበው ነው፤ ሆኖም አብሮ የታጠበው ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያለማቋረጥ ያስወጣል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብ ሲበሰብስም ይኸው አሞኒያ ይጨምራል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ሲሆን፣ በበቂ መጠን እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም ይገድላቸዋል። ስለዚህ እጥበቱ ሂደቱን ወደ መጀመሪያው መለሰው። የውሃው መጥራት ዋስትና አይደለም፤ አሞኒያም ናይትራይትም በዓይን አይታዩም። ናይትራይት በተለይ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ስለሚያውክ፣ ዓሣው በቂ አየር ባለው ውሃ ውስጥ እንኳ ይታፈናል።

አሁን መርዙን ማቅጠን እንጂ ባክቴሪያውን መንካት አይገባም። ለጊዜው በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ሊትር ውሃ ይቀይሩ። ተተኪውን ውሃ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳይከድኑ 24 ሰዓት ቢያቆዩት ክሎሪኑ ይተናል፤ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር ይመጣጠናል። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ግን ብዙ ከተሞች በቀላሉ የማይተነውን ክሎራሚን የተባለ የውሃ ማከሚያ ስለሚጠቀሙ ማሳደሩ አይበቃቸውም፤ ለዚሁ የተሠራውን ማርከሻ ጠብታ መጨመር ይኖርባቸዋል። ስፖንጁ ውሃ ማሳለፍ ካቃተው፣ ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት፤ የሚወጣው ውሃ የጠላ አተላ ቢመስልም አይደንግጡ። ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ በሚያልቅ መጠን ይስጡ። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ሲቆም ከዚያው ውሃ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ አየር ያስገባል።

ጤናማና የቆየ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካለዎት፣ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ይለምኑት፤ ሳይደርቅ አምጥተው ማጣሪያዎ ውስጥ ቢያስገቡት ሳምንታት ሊያተርፍልዎ ይችላል። የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ማግኘት ከቻሉ ደግሞ አሞኒያ ወይም ናይትራይት በሊትር 0.5 ሚሊግራም ሲደርስ የውሃውን ግማሽ ይቀይሩ። ሁለቱም ለአንድ ሳምንት ያህል ዜሮ እያሳዩ ናይትሬቱ ከጨመረ፣ ቅያሬውን በሳምንት አንድ ጊዜ ያድርጉት። በሞተው ምትክ ሌላ ዓሣ እንዲገዙ ግን አንመክርም፤ ጎልድፊሽ ስለሚያድግና ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣ 60 ሊትር ለቀሩት ሦስቱም ጠባብ ነው።