የአይጥ ናሙና፣ የአይጥ ሞዴል ወይስ አምሳያ አይጥ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የግድግዳ ጋዜጣ «ተመራማሪዎች የአእምሮ በሽታዎችን በአይጥ ናሙና ያጠናሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ግን «የአይጥ ሞዴል በል» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ሁለቱንም አልመርጥም።

እዚህ ደሴ እህል ሊገዙ ቢመጡ ነጋዴው ከጆንያው አንድ እፍኝ ጤፍ ዘግኖ ያሳይዎታል። ናሙና ማለት ያ ነው። እፍኙም ጤፍ፣ ጆንያውም ጤፍ። አይጧ ግን ከሕሙማን መሃል የተዘገነች አይደለችም። አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ አይዛትም። ተመራማሪዎች ለውጥ የደረሰበትን የሰው ዘረመል ጨምረውባት ነው በሽታው የሚታይባት። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ በሆነ ጥናት እንዲህ በተሠሩ አይጦች አንጎል ውስጥ እንደ ሰው ሕሙማን ያለ የፕሮቲን ክምችት ታየ። በ2006 ደግሞ 5 የዘረመል ለውጦችን የያዙ አይጦች መጡ። በእነሱ ላይ ክምችቱ የሚጀምረው ገና በ2 ወራቸው ነው።

ስለዚህ ቃሉ «መሰለ» ከሚለው ግስ ቢወጣ እመርጣለሁ፤ አምሳያ። መምሰል መሆን አይደለም። አይጥን የረዱ ብዙ የአልዛይመር መድኃኒቶች ሰው ላይ ሲሞከሩ አልሠሩም። «አምሳያ» ይህን አይደብቅም።

የባልደረባዎ «የአይጥ ሞዴል» ደግሞ «የ» ላይ ይሰናከላል። «የቤት ሞዴል» ስንል ትንሽ ቤት ይታየናል። «የአይጥ ሞዴል» ሲባልም ተማሪው የሚያስበው የፕላስቲክ አይጥ ነው። «የሸክላ ድስት እንደምንለው ነው» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ግን ሞዴል የሚለው ቃል ሁልጊዜ «የምን?» ያስብላል። እዚህ መልሱ በሽታው ነው፣ አይጧ አይደለችም። «የአይጥ አምሳያ» ቢሉም ያው ነው። «አምሳያ አይጥ» ይበሉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። «አእምሮ»ን በ«አንጎል» ይተኩልኝ። «የአእምሮ በሽታ» ሲባል ሰዉ ሌላ ነገር ነው የሚረዳው። አክስቴ በስተርጅናዋ ነገር መርሳት ጀመረች። በረካውን ቀድታ «አቦሉ ነው፣ ጠጣ» ትለኝ ነበር። ጎረቤት «አእምሮዋን ታመመች» ሲል ልጆቿ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። አልዛይመርም ሆነ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን የአንጎል ሕዋሳት እየመነመኑ የሚሄዱበት ሕመም ነው። «መመንመን» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ማለቁን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

እንግዲህ ጋዜጣው ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «ተመራማሪዎች የአንጎል ሕዋሳትን የሚያመነምኑ በሽታዎችን በአምሳያ አይጦች ያጠናሉ።» ከሥሩ በአንድ መስመር «አምሳያ አይጥ ማለት፣ ለምሳሌ ዘረመሏ ተለውጦ፣ የሰው በሽታ እንዲታይባት የተደረገች አይጥ ናት» ብለው ይፍቱት።