መልስ፦ የክሪኬት ተጫዋቹ ጊልክሪስት ዊኬት ጠባቂ ከሆነ ለምን ስሙ በመምታቱ ይነሳል?

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ድሮ ከዊኬት ጠባቂ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ከሚቆመው ተጫዋች፣ የሚፈለገው በዋናነት ኳስ መያዝ ነበር። በተራው ሲመታ ራን (ነጥብ) ካመጣ እሰየው፣ ካላመጣም ብዙ አይወቀስም። ይህን የቀየረው አውስትራሊያዊው አዳም ጊልክሪስት ነው።

የመጀመሪያ ቴስቱን (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ የአገሮች ጨዋታ) የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 28 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት። በሁለተኛው ቴስት፣ በአውስትራሊያዋ ሆባርት ከተማ፣ ተጋጣሚ ሳያስወጣው 149 ራን አስመዘገበ። አውስትራሊያም ፓኪስታንን ለማሸነፍ ያስፈለጋትን 369 ራን አሳድዳ አሸነፈች።

በቴስት ብዙ ጊዜ የሚገባው 7ኛ መቺ ሆኖ ነበር። የተጋጣሚ ኳስ ወርዋሪዎች አምስት መቺ አስወጥተው እፎይ ሊሉ ሲሉ እሱ ይመጣል! በ2006 ፐርዝ ላይ በእንግሊዝ ላይ መቶ ራን የሞላው በ57 ኳስ ነው። በ2007 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ ስሪላንካን በ104 ኳስ 149 ራን መታባት። ያኔ የባት (የመምቻው ዱላ) አያያዙን ለማስተካከል ጓንቱ ውስጥ የስኳሽ ኳስ (ትንሽ የጎማ ኳስ) ከትቶ ነበር፤ በኋላ ብዙ አጨቃጨቀ።

እኔ ግን ከሁሉም የማልረሳው የ2003ቱን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ዳኛው «አልወጣህም» እያለው፣ ኳሷ ባቱን ነክታ መያዟን (ይህ መቺን ያስወጣል) ስላወቀ በራሱ ፈቃድ ወጣ።

በ2008 ሲያቆም 96 ቴስት ተጫውቶ፣ በወጣ ቁጥር በአማካይ 47.60 ራን ነበረው። ለዊኬት ጠባቂ ይህ ጉድ ነው።