ሲወስዱ በስልክ፣ ሲመልሱ በአካል

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ ከሩቅ ነው የመጡት። ቅሬታው ግን ተመሳሳይ ነው። ብር ለመቀበል መንገዱ የማይርቃቸው ድርጅቶች፣ ስህተት ለማረም ሲሆን ተጓዡ እናንተ ትሆናላችሁ። የድርጅቶቹን ስም ትቼዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ፍሪጅ ገዝቼ ጋምቤላ ድረስ አስጫንኩ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። በአራተኛ ወሩ ማቀዝቀዝ አቆመ። ስደውልላቸው «ይዘኸው ና» አሉኝ። ፍሪጅ እንዴት ይዤ ልምጣ?

ይዘኸው ና! ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ፍሪጅ ጭነህ! እንደማትመጣ ስለሚያውቁ እኮ ነው እንዲህ በድፍረት የሚናገሩት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። አንተን ይሄ አልፎሃል፤ የቀረህ የዋስትና ወረቀቱ ነው። አውጣና ደህና አድርገህ አንብበው። «ዕቃው ወደ ሱቃችን መምጣት አለበት» የሚል ካልተጻፈበት፣ አሁን በአፋቸው የጨመሩት ነው ማለት ነው። እዚያው ያለ ባለሙያ ይየውና ምን እንደተበላሸ በጽሑፍ ይስጠኝ፣ መለዋወጫውንና የእጅ ዋጋውን እናንተ ቻሉ በላቸው። ኮምፕረሰር እንኳ ቢሆን ብቻውን በመኪና ይላካል። ሳይፈቅዱልህ ግን እንዳታስከፍተው፣ «ሌላ ሰው ነክቶታል» ብለው ይገላገሉሃል። ፈቃዱን በቴሌግራም በጽሑፍ ተቀበል። ሌላው የሚወዱት ሰበብ «መብራት ነው ያቃጠለው» ነው፤ ስታብላይዘር ካለህ ፎቶውን ቀድመህ ላክላቸው።

ከሰቆጣ ወጣ ያለ ገጠር ነው የምኖረው። በሞባይል 6,000 ብር ላክሁ፤ ከእኔ ተቆርጧል፣ ተቀባዩ ጋ ግን አልደረሰም። ቅርንጫፍ ስሄድ «ሒሳብ ወደከፈትሽበት ሂጂ» አሉኝ። እዚያ ስደርስ ደግሞ «ሲስተም የለም»።

ብሩን ሲቆርጥ የነበረ ሲስተም፣ ልትጠይቂ ስትሄጂ የት እንደሚገባ እንጃ! እኔም ወረዳ ሳስተምር ለ400 ብር ሦስት ቀን ተመላልሼ 600 ብር ለትራንስፖርት አውጥቻለሁ። እልህ ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም። አንቺ እንደኔ አትንከራተቺ። የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት እንዳትሰርዢው። የጥሪ ማዕከላቸው ጋ ደውለሽ ቅሬታሽን አስመዝግቢና የቅሬታ ቁጥር ስጡኝ በይ፤ ቁጥር ካልሰጡሽ አልመዘገቡትም። ቀኑንና ያነጋገረሽን ሰው ስም ደብተር ላይ ያዢ። ባንኩ ከለገመ ብሔራዊ ባንክ የደንበኛ ቅሬታ ይቀበላል፤ መጀመሪያ ለባንኩ አመልክተሽ እንደሆነ ግን ይጠይቅሻል፣ ያቺ ቁጥር ያኔ ትጠቅምሻለች።

ሲሜ ጠፋ። ምትክ ለማውጣት ጂንካ ድረስ በአካል ቅረብ ተባልኩ፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወንድሜን ብልክስ?

እዚህ ላይ ከድርጅቱ ጋር ነኝ፣ አትቀየመኝ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሲም ማለት ኪስህ ነው። ወንድምህ እንዲሁ ሄዶ ማውጣት ከቻለ ሌላውም ይችላል። ዛሬውኑ በሰው ስልክ ደውለህ መስመሩን አዘጋው። የማይዋጥልኝ ግማሽ ቀን ተጉዘህ ስትደርስ «ካርድ አልቋል፣ ሰኞ ተመለስ» መባሉ ነው። ስለዚህ ሳትነሳ ሲም እንዳለ፣ የትኛውን መታወቂያ እንደሚፈልጉም ጠይቅ። የቀበሌ መታወቂያህ ጊዜው ካለፈበት መጀመሪያ እሱን አሳድስ።

ለሁሉም ነገር «አፑን ተጠቀሙ» ይሉናል። እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም።

አፑን ተዉት። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተራ ስልክም ይበቃል።

«ክፍለ ሀገር አንልክም» የሚሉ የቴሌግራም ሱቆችን ምን እንበላቸው?

ምንም። ቢያንስ እውነቱን ነግረዋችኋል። እኔን የሚያስፈሩኝ «እንልካለን፣ ሙሉውን ቀድማችሁ ክፈሉ» የሚሉት ናቸው። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ዕቃውን አይቶ ይክፈልና በመኪና ይላክላችሁ። ዘመድ ከሌለ እዚያው ከተማችሁ ያለውን ነጋዴ አስመጣልኝ በሉት። ትንሽ ያስወድዳል፤ ግን ሲበላሽ ሱቁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።